የምስክር ወረቀትና የሥራ ልምድ፦ በሮናልድ ዶር «የዲፕሎማ ደዌ» ላይ የቀረበ ሒስ

እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሮናልድ ዶር «የዲፕሎማ ደዌ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የልማት ሊቃውንት የትምህርትን መስፋፋት እንደ ንጹሕ በረከት ይቈጥሩት ስለነበረ፣ መጽሐፉ ብዙዎችን ቅር ማሰኘቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሁለተኛ ጊዜ ታትሟል፤ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ይሁን እንጂ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ይኸውም ሰውን ለሥራ ብቁ የሚያደርገው የተማረው ነው ወይስ የሠራው? የሚለው ነው። ጥያቄው የመምህራን ደመወዝና የደረጃ ዕድገት በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ፣ መጽሐፉን በኢትዮጵያ መምህር ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የደራሲው ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ አገር ወደ ዘመናዊ ኢኮኖሚ የገባችበት ጊዜ በዘገየ መጠን፣ ሰዎች ለሥራ የሚመረጡት በትምህርት ማስረጃ የመሆኑ ነገር እየጠነከረ፣ የማስረጃውም ዋጋ በፍጥነት እየወረደ ይሄዳል፤ ከዚህም የተነሣ ትምህርት ቤቱ ዕውቀት የሚገበይበት መሆኑ ቀርቶ ለፈተና የሚያዘጋጅ ስፍራ ይሆናል። ይህንንም ለማስረዳት ብሪታንያን፣ ጃፓንን፣ ስሪላንካንና ኬንያን ያወዳድራል። የብሪታንያን ድልድዮችና የባቡር ሐዲዶች የሠሩት መሐንዲሶች አብዛኛዎቹ በአንድ አንጋፋ መሐንዲስ ሥር ሆነው ሥራን በሥራ የተማሩ ነበሩ፤ ዲግሪ የሙያው መግቢያ በር የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጃፓን ዘግይታ ስለጀመረች ለመንግሥት ሥራና ለታላላቅ ኩባንያዎች የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን መለመለች፤ ሆኖም ቀጣሪው የሚመለከተው ምሩቁ የተማረውን ሳይሆን ወደ ታወቀ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መቻሉን ነበርና፣ ሥራውን ራሱ ቀጣሪው ያስተምረዋል። ስሪላንካና ኬንያ ግን የቢሮ ሥራን ከነደመወዝ እርከኑና ከነማስረጃ መስፈርቱ ከቅኝ ገዥዎች ተረከቡ። በዚህም ምክንያት በነዚህ አገሮች ማስረጃው ከሥራው ቀድሞ ደረሰ።

ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ ለአንባቢ ግልጽ የሚሆነው የአውቶቡስ ኩባንያው ምሳሌ ነው። ኩባንያው ለትኬት ቈራጭነት መለስተኛ፣ ለጸሐፊነት ደግሞ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁትን ይጠይቃል። ከፍተኛውን ደረጃ የጨረሱት ከጸሐፊነት ቦታው በላይ ሲበዙ፣ ከሥራ ፈትነት ትኬት መቍረጥ ይሻላል ብለው ይወርዳሉ፤ ኩባንያውም የበለጠ የተማረውን ይመርጣል። ብዙም ሳይቈይ መለስተኛውን የጨረሰው ልጅ የነበረችውን ቦታ ያጣል፤ ወላጆቹም ልጃቸውን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለመግፋት ይገደዳሉ። የትኬቱ አቈራረጥ ግን እንደ ቀድሞው ነው።

ይህን ምሳሌ ለመረዳት የኢትዮጵያ መምህር ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ኮሎምቦ መሄድ አያስፈልገውም። በ1940ዎቹ 8ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ወጣት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ የአንደኛ ደረጃ መምህር ይሆን ነበር። ከዚያ መግቢያው ወደ 10ኛ፣ በኋላም ወደ 12ኛ ክፍል ከፍ አለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለ1ኛ–4ኛ ክፍል ሰርተፊኬትን፣ ለ5ኛ–8ኛ ዲፕሎማን፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪን ደለደለ፤ ሰርተፊኬቱም ውሎ አድሮ ለዲፕሎማ ቦታውን ለቀቀ። ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ፊደል የማስቈጠር ሥራ ግን በነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው ራሱ ሥራ ነው። በእርግጥ ልጁን ስለ ማወቅ፣ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋና ስለ ንባብ ሥነ ዘዴ የሚታወቀው ጨምሯል። ጥያቄው የተጨመረው ዓመት ይህን አዲስ ዕውቀት ለመምህሩ ሰጥቶታል ወይስ ወረቀቱን ብቻ አስረዝሞታል የሚለው ነው። ዶር ይህን ጥያቄ ማንሣቱ ትልቅ ውለታ ነው።

ደራሲው በፈተና ላይ የሚያቀርበውም ወቀሳ ኃይል አለው። የትምህርቱ መንገድ በሙሉ ወደ አንድ የመጨረሻ ፈተና የተቃኘ ከሆነ፣ ፈተናውን የማያልፈው ተማሪ በትምህርት ቤት ያሳለፈው ዘመን ለማን ታስቦ ነበር? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩም ዓመት ውጤቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለ ፈተናው ክብደትና ስለ ኵረጃ መቅረት ብዙ ተብሏል። ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወጣቶች ከ12 ዓመት ትምህርት ይዘውት የወጡት፣ ለእርሻ ወይም ለንግድ ወይም ለእጅ ሙያ የሚሆናቸው ምን እንደሆነ ግን ብዙ አልተጠየቀም። በሥርዐተ ትምህርት ዝግጅት የተሠማሩ ባለሙያዎች በዶር መጽሐፍ ፊት ዐይናቸውን ለመስበር የሚገደዱት እዚህ ላይ ነው።

ዲግሪውንም ያገኙት ቢሆኑ ከደዌው አላመለጡም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ እጅ ጣት ይቈጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2000ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያነጥፉ መታየታቸው በሕዝብ ዘንድ ያስከተለው ክርክር አይዘነጋም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ፈተናው በራሱ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ለወረቀቱ እውነተኛነት ሌላ ወረቀት ማስፈለጉ፣ ከዶር አሳብ ጋር የሚሄድ ማስረጃ ነው።

መጽሐፉ የሚደክመው ስለ በሽታው መናገሩን አቁሞ ስለ መድኃኒቱ መናገር ሲጀምር ነው። ደራሲው ወጣቶች ከ15 ወይም ከ16 ዓመታቸው ገደማ ጀምረው ወደ ሥራ እንዲገቡ፣ ለከፍተኛ ሥልጠናም ከሥራው ውስጥ እንዲመረጡ፣ በሸመደዳ የሚታለፍ ፈተናም በተፈጥሮ ችሎታ መመዘኛ ወይም እስከ ዕጣ በሚደርስ ሌላ ዘዴ እንዲተካ ይመክራል። ልምድ በዚህ አሳብ ውስጥ ንጹሕና ለሁሉ የተከፈተ ነገር ሆኖ ይታያል፤ የራሱ የብሪታንያ ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የታወቀ መሐንዲስ ሥር ገብቶ ሙያ ለመማር የወጣቱ አባት ለመሐንዲሱ ከፍ ያለ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ነበር። መክፈል ያልቻለ ወይም የሚያስተዋውቀው ያጣ ደጅ ላይ ቀረ። የልምድን በር የሚከፍት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ለሚያውቀው ነው። የፈተና ቍጥርን ያህል ልበ ደረቅ ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ ከሩቅ ወረዳ ለመጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አጎት ለሌለው የገበሬ ልጅ የተሻለው ጓደኛ ይኸው ልበ ደረቅ ቍጥር ሆኖ ቈይቷል። ዶር ይህን ጨርሶ ዘነጋው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዝምድናና ትውውቅ ለሥራ መግቢያ በሆኑበት አገር ሊሰጠው የሚገባውን ክብደት አልሰጠውም።

ለዚህ ማስረጃው ከኢትዮጵያ ታሪክ ይገኛል። መጽሐፉ ከመታተሙ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናት በተካሄደ ጊዜ፣ የጥናቱ ሊቃውንት ከዶር አሳብ ጋር የሚቀራረብ ነገር አቅርበው ነበር። በጥናቱ መሠረት አብዛኛው ሕፃን ለ4 ዓመት ያህል መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ ወደ ሥራና ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ይሆናሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ አሳቡ ከአገሪቱ የገንዘብ አቅም ጋር የተገናዘበ፣ ለገጠሩም ኑሮ ያሰበ ነበር። ወላጆችና መምህራን ግን በሌላ መንገድ ተረዱት፤ በ4ኛ ክፍል የሚቈሙት የድኾች ልጆች፣ የሚቀጥሉትም የባለጸጎች ልጆች ይሆናሉ አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሧቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር፤ ዕቅዱም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። «ወረቀቱን ተዉት፣ ሥራ ይበቃችኋል» የሚለውን ምክር የሚሰጡት ወረቀቱን በእጃቸው የያዙት እንደሆኑ ሕዝቡ አስተውሏል። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቁ ፊሊፕ ፎስተር ስለ ጋና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ጽሑፍም፣ ተማሪዎች ከሙያ ትምህርት የሚሸሹት ሥራ ንቀው ሳይሆን ደመወዙ ያለበትን አቅጣጫ አይተው ነው የሚል ነጥብ ይገኛል። ከዶር መድኃኒት ይልቅ ይህ አስተያየት የኢትዮጵያን ወላጅ ልብ የሚያውቅ ይመስላል።

ደራሲው በተስፋ የተመለከታቸው አገሮችም ዕጣ ትምህርት ይሰጣል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን አቁማ፣ በእርሻና በፋብሪካ የሠሩትን በሥራ ባልደረቦቻቸው አስመርጣ ታስገባ ነበር፤ መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ፣ ፈተናው ተመለሰ። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተነሣው የወጣቶች ዐመፅ በኋላ ሥርዐተ ትምህርቷን ለውጣ የቅድመ ሙያ ትምህርት ብታስገባም፣ የ1977ቱን የመንግሥት ለውጥ ተከትሎ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። በቻይና በሥራ ባልደረቦች መመረጥ የተባለው ምን ያህል በአለቆች ፊት በመወደድ ይወሰን እንደነበር ከዚያ ወዲህ የተገለጠ ነገር ነው።

ልምድ ራሱስ ምን ያህል ያስተምራል? በዚህ ረገድ መጽሐፉ ብዙ አይረዳም፤ ሌሎች ጥናቶች ይሻላሉ። አሜሪካዊው ጄኮብ ሚንሰር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ የሰው ገቢ በትምህርት ዓመታትም በሥራ ልምድም እንደሚጨምር፣ የልምዱ ጭማሪ ግን ዓመታት በገፉ ቍጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለ መምህራን ደግሞ ሪቭኪን፣ ሃኑሼክና ኬን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት በቴክሳስ የተካሄደ ጥናት፣ የማስተርስ ዲግሪ የመምህሩን ውጤታማነት ከፍ ማድረጉን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም፤ ልምድም ጎላ ብሎ የጠቀመው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ የመጡ ሌሎች ተመራማሪዎች መምህር ከዚያም ወዲያ ሊሻሻል እንደሚችል ተከራክረዋል። የቴክሳስን ውጤት እንዳለ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ሐረርጌ ማምጣት አይቻልም። ቢሆንም ሁለቱንም ወገን፣ ዲግሪ የሚያመልኩትንም ዕድሜ የሚያመልኩትንም፣ ቆም አድርጎ ማሳሰቡ አይቀርም። 20 ዓመት ያስተማረ ሰው አለ፤ አንድ ዓመት አስተምሮ ያንኑ 20 ጊዜ የደገመም አለ። ርእሰ መምህራን ልዩነቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያውቁታል፤ የደረጃ ዕድገት ቅጹ ግን አያውቀውም።

የክረምት ትምህርት ነገር በዚህ ረገድ ለዕቅድ ባለሙያዎች ሰፊ የማሰቢያ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል 1ኛ ክፍልን ለረጅም ዘመን ያስተማረች የሰርተፊኬት መምህርት ትወሰድ። ፊደልን በዜማ፣ ቍጥርን በጠጠር ማስተማርን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አንድ ሕፃን ዝም ሲል የራበው ይሁን ያልገባው ከገጹ ትለያለች። የመመሪያውን ጥያቄ ለማሟላትና ደመወዟን ለማሻሻል ክረምት ክረምት ኮሌጅ ትገባለች። የምትማረው ግን ስለ 1ኛ ክፍል ሕፃን ሳይሆን ስለ አንድ የትምህርት ዐይነት ነው፤ ዲፕሎማውን ስታገኝም ወደ 5ኛ–8ኛ ክፍል ትዛወራለች። ከዚያም ዲግሪ ካገኘች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትሻገራለች። በእያንዳንዱ እርከን መምህርቷ ተጠቅማለች፤ የማንም መብት አልተነካም። 1ኛ ክፍል ግን ከኮሌጅ ገና ለወጣ፣ 70 ሕፃናት ባንድ ክፍል ሲያይ ለሚደነግጥ ጀማሪ ተሰጠ። የሚጎዳው ማንበብ ሳይችል ወደ 2ኛ ክፍል የሚያልፈው ልጅ ነው፤ ኮሌጁም መመሪያውም ይህን ልጅ በስሌታቸው ውስጥ አላስገቡትም። ለታችኛው ክፍል የሚከፈለው ደመወዝ ከላይኛው ሳያንስ ለ1ኛ ክፍል መምህርነት በራሱ የሚያድግ ሙያ ቢበጅለት ኖሮ፣ የክረምቱ ትምህርት መምህርቷን ከምታውቀው ሥራ አያርቃትም ነበር።

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የቈየው ልማድ ለዚህ ክርክር የሚሰጠው ብርሃን አለ። ድጓን የሚያስመሰክር ሰው ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋስዕትን ዙር አምባ ይሄድ ነበር፤ «ምስክር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ከመመስከሩ በፊት በመምህሩ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ ማስተማሩ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። መስካሪውም ተማሪውን በጆሮው የሰማ ሊቅ እንጂ ከሩቅ ሆኖ ማኅተም የሚመታ መዝገብ ቤት አይደለም። በእርግጥ ይህ ትምህርት ለጥቂቶች፣ ያውም ብዙ ዓመት ቍራሽ እየለመኑ ለሚማሩ ነበርና ለሚሊዮኖች የሚበቃ ሥርዐት ሊሆን አይችልም። ሆኖም በእርሱ ዘንድ ልምድና ምስክርነት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አልነበሩም። ዶር የብሪታንያን የሥራ ላይ ትምህርት ሲያወድስ የተመኘው ይህን የመሰለ ነገር ነበር፤ ምስክሩ ማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ግን ሳይመልስ አልፎታል።

በዘመናዊው ሥርዐትም ወደዚህ የቀረቡ ሙከራዎች አልጠፉም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩ ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ገጠርን ከመጽሐፍ ውጭ ያዩበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ሆኖላቸዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ደግሞ ዕውቀቱን በየትም ስፍራ ያገኘ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ እንዲመሰከርለት በር ከፍቷል። በጋራዥ ያደገ መካኒክ ወይም ከአባቱ ብረት ማቅለጥ የተማረ ሰው ሳይማር ያወቀውን ሊያስመሰክር ይችላል ማለት ነው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍሎች አሉት፤ የመዛኙ ዕውቀትና ታማኝነት ሁሉን ይወስናል። በመምህርነት ሙያ ግን የዚህ አቻ የለም፤ መምህር ያወቀውን በክፍሉ ውስጥ ታይቶለት ወደ ዲፕሎማ የሚቈጠርለት መንገድ አልተበጀም።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚለጠፈው የክፍት ቦታ ማስታወቂያ «ዲግሪና 2 ዓመት፣ ወይም ዲፕሎማና 6 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» ሲል፣ ወረቀትንና ዓመትን እንደ ገንዘብ ይመነዝራቸዋል። ምንዛሪው በምን ጥናት እንደ ተወሰነ ግን አይገለጽም። አመልካቹም የሥራ ልምዱን የሚያስረዳው በሌላ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት አመልካቹ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን በምን ደመወዝ እንደ ሠራ፣ የሥራ ግብርም እንደ ተከፈለ ይናገራል። በነዚያ ዓመታት ምን እንዳደረገና ምን እንደ ተማረ የሚጻፍበት ስፍራ የለውም። ዶር ከዲፕሎማ ይድናል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ልምድ እንዲህ ሆኖ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ከዲፕሎማው ጋር አብሮ ተሰልፎ ማኅተሙን ይጠብቃል።